በጥቁሩ ኮፈን ላይ የቀረው ቀለበት

ወንድሜ ያወጣልኝ ስም ጉድፌ ነው። ሌላው ሰው አልፎት የሚሄደውን ጉድፍ እኔ ከሩቅ ስለማየው ነው፤ ሲያሰኘው ለሙገሳ፣ ሲያሰኘው ለስድብ ይጠራኛል። እኔ ሁለቱንም እንደ ሙገሳ ነው የምቆጥራቸው። ሰው መቼም የሚኮራበት አያጣም፤ አንዱ በቁመቱ ይኮራል፣ አንዱ በዘሩ ይኮራል፣ እኔ በዓይኔ እኮራለሁ። እኮራለሁ ስል ደግሞ እፈራለታለሁ ማለቴ ነው። እናታችን ማየት ያቆመችው እኔ ገና ፊደል ስቆጥር ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የማደርገው ነገር መስኮቱን መፈለግ ነው። መስኮቱን ካየሁት እነሳለሁ።

በቤታችን ስለ ዓይን አይወራም። የእናቴ ዓይን እንዴት እንደጠፋ፣ በምን እንደጀመረ፣ እኔም ወንድሜም ጠይቀን አናውቅም፤ እሷም ነግራን አታውቅም። ሰው ሁሉ መማል ሲፈልግ «ዓይኔን ግንባር ያርገው» ይላል። በእኛ ቤት ይህ መሐላ ከማንም አፍ ወጥቶ አያውቅም። የከለከለ የለም፤ ቢላዋ ለሕፃን እንደማይሰጥ ሁሉ ዝም ብሎ አይባልም። ወንድሜ እንኳ፣ ቀኑን ሙሉ ሲምልና ሲገዘት የሚውለው ወንድሜ፣ በአባታችን አፅም ይምላል፣ በእንጀራው ይምላል፣ በዓይን ግን ምሎ አያውቅም።

ሥራችን መኪና መቀባትና ማሳመር ነው። ሥራ ቦታችን ከመኖሪያችን ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ እናቴ ከግድግዳው ማዶ ተቀምጣ በድምፁ ብቻ መፈተጊያ ማሽኑን ማን እንደያዘው ትለያለች። ወንድሜ ሲይዘው ያጓራል፣ እኔ ስይዘው ያንጎራጉራል ትላለች። እውነቷን ነው። ወንድሜ ቀለም ይረጫል፣ ሲደርቅ የሱፍ ክቡን ማሽኑ ላይ ገጥሞ በሻካራ ቅባት ይፈትገዋል። እሱ ሲጨርስ መኪናው ከሩቅ ያብለጨልጫል፤ መብራት ይዞ ለተጠጋው ግን ጉድ ነው። ሱፉ በዞረበት ሁሉ ከፀጉር የቀጠነ ክብ ጭረት ቀርቷል። በሩን ዘግቶ፣ መብራቱን ሁሉ አጥፍቶ፣ አንድ የእጅ መብራት ብቻ ሲያበሩበት፣ ቀለሙ ውስጥ በሚታየው የመብራት ምስል ዙሪያ ሸረሪት ያደራች ይመስላል። እኛ ቀለበት እንለዋለን። ያንን ማውጣት የእኔ ሥራ ነው፤ በለስላሳ ስፖንጅ፣ በደቃቅ ቅባት፣ ማሽኑን ሳልጫን።

ማውጣት እንላለን እንጂ የሚወጣ ነገር የለም። ከቀለሙ በላይ ክሊር የሚባል፣ እንደ መስታወት ያለ ስስ ልባስ አለ፤ ጭረቱ ያለው እሱ ላይ ነው። ጭረቱ እስኪጠፋ ድረስ ዙሪያውን እየላጡ ዝቅ ማድረግ ነው ሥራው። ክሊር ደግሞ ሽንኩርት አይደለም፣ አንዱ ሲላጥ ሌላ አይመጣም። አለቀ ማለት አለቀ ነው።

ወንድሜ አቋራጭ ያውቃል። ዘይት የበዛበት ቅባት ጭረቱ ውስጥ ይሞላና «ንጹሕ ነው» ብሎ ቁልፉን ይሰጣል። መኪናው ጥቂት ከታጠበ በኋላ ገበናው ይወጣል፣ ባለቤቱም ተመልሶ ይመጣል፤ የሚመጣው ግን ወደ እሱ ሳይሆን ወደ እኔ ነው። ስለዚህ እሱ የነካውን ነገር ሁሉ መጀመሪያ በአልኮል ጠርጌ ዘይቱን ሳላነሳ አላምንም። «የለም» ቢለኝ እንዳለ አውቃለሁ። «አለ» ብሎኝ ደግሞ አያውቅም።

አንድ ክረምት የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ጥቁር መኪናውን አመጣልን። ዕድሜውን ሙሉ በመርፌ ቀዳዳ አሾልኮ የገዛት መኪና ናት። ጥቁር ቀለም ደግሞ ምንም አይደብቅም። ወንድሜ ማሽኑን አጓርቶ ጨረሰና ተራው የእኔ ሆነ። በሮቹን፣ ጣሪያውን፣ ኋላውን ያለ ችግር ተወጣኋቸው። ኮፈኑ፣ የሞተሩ መክደኛ ላይ ስደርስም እንደ ወትሮዬ አለዘብኩት፣ በአልኮል ጠረግሁት፣ በሩን ዘግቼ መብራቱን ያዝኩበት።

ቀለበቱ አለ። የወንድሜ ዓይነት አይደለም። የእሱ የተዘበራረቀ ነው፤ ይኼኛው አንድ ነው፣ የተስተካከለ ክብ ነው፣ ውስጡ ወደ ሰማያዊ፣ ውጪው ወደ ቀይ ያዘነብላል። ቆሽቴ አረረ። ወንድሜን በልቤ ከአናቱ እስከ እግሩ ሰደብኩትና እንደገና ጀመርኩ። እንደገና ጠረግሁ፣ እንደገና መብራት ያዝኩ። አለ። ከቅንድቤ በላይ የሆነ ነገር ይወቅረኝ ጀመር። የቅባቱ ሽታ ነው አልኩ። ያንን ቅባት ስንት ዓመት ስሸተው ኖሬ አንድ ቀን አሞኝ አያውቅም።

እውነቱን ልናገር፤ ነገሩ የገባኝ በዚያው ቀን ነው። ቀለበቱ ቀለሙ ላይ ከሆነ ይወጣል። ካልወጣ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ያንን ሌላ ቦታ ስሙን ላለመጥራት ስል መፈተግ ቀጠልኩ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እኔ ደግሞ እንዳይደርስብኝ ብዬ ነገሩን ሁሉ ኮፈኑ ላይ ቆለልኩት።

አንድ ቀላል መፈተኛ ነበር። ቀና ብሎ መብራቱን ራሱን ማየት። ኮፈኑ ውስጥ ባለው ምስል ዙሪያ ሳይሆን በመብራቱ በራሱ ዙሪያ ቀለበት ካለ፣ በቃ፣ ጥያቄ የለውም። ያንን አላደረግሁም። ፖሊሽ የምታደርግ ሴት መብራት አታይም፣ የመብራቱን ምስል ነው የምታየው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ከቤት ስገባ አምፖሉን በጀርባዬ አድርጌ መቀመጥ ጀመርኩ። መንገድ ላይ ሲመሽብኝ መሬት መሬቱን እያየሁ እሄዳለሁ። ወንድሜ የጣልሽው ነገር አለ ወይ ብሎ ቀለደብኝ።

ልብስ ሰፊው በየቀኑ እየመጣ መኪናውን ይጎበኝ ነበር። መነጽሩን አድርጎ፣ ጉንጩን ኮፈኑ ላይ ሊያስተኛው ጥቂት እስኪቀረው ተጠግቶ አየና እንደ ሐር ሆኗል አለኝ፤ ምን ቀረሽ ልጄ፣ ስጪኝና ልሂድ አለ። ገና ነው አልኩት። እሱ ያላየው እርጅና ተጫጭኖት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። በመርፌ ቀዳዳ ዕድሜውን የፈጀ ሰውዬ ዓይን ላይ ነው እንግዲህ ይኼን የምለው።

ሰማዩ ለቀናት እንደተዘጋ ነበር። አንድ ቀን ቀትር ላይ ደመናው ተገለጠና ፀሐይ ወጣች። መኪናውን ገፍተን ግቢው መሐል አቆምነው። በእኛ ሥራ የመጨረሻው ዳኛ ፀሐይ ናት፤ መብራት ያለፈውን ጭረት ፀሐይ አታልፈውም። ዞሬ ዞሬ አየሁ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ምንም የለም፤ የፀሐይዋ ምስል ኮፈኑ ውስጥ ጥርት ብሎ ቁጭ ብሏል። ወንድሜ «በይ እንግዲህ፣ ጉድፌ፣ ደስ ይበልሽ» አለኝ። እኔ ግን እጄ በረደኝ። መኪናውን መልሰን አስገባን፣ ወንድሜ ዕቃ ሊገዛ ወጣ፣ በሩን ዘጋሁ፣ መብራቱን ይዤ ጥቂት ቆየሁ። ቀስ እያለ ቀለበቱ ተመለሰ። ጨለማ ውስጥ ያለ ጭረት ፀሐይ ላይ የሚጠፋበት አገር የለም። ይኼን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰውም የለም።

ያን ጊዜ ነው አእምሮዬን የሳትኩት። ለስላሳውን ስፖንጅ አውልቄ ጠጠር ያለውን ገጠምኩ፣ ሻካራውን ቅባት ቀባሁ፣ ማሽኑንም በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት። ማሽኑ አጓራ። የማደርገውን አውቃለሁ፣ ግን እጄ እሺ አላለኝም። ከወጣ ዓይኔ ደህና ነው፣ ከወጣ ዓይኔ ደህና ነው እያልኩ ኮፈኑ ጠርዝ ላይ አንዱን ቦታ ብቻ ስፈትግ ቆየሁ። ማሽኑን ሳነሳው ነጩ ስፖንጅ ጠቁሯል።

ክሊር ስፖንጅ አያጠቁርም። የሚያጠቁረው ከሥሩ ያለው ቀለም ነው። መዳፍ የሚያህል ቦታ ላይ ልባሱ አልቆ ቀለሙ እርቃኑን ቀርቷል፤ መብራቱን ስይዝበት ምስሉ እንኳ እንደ ጭጋግ ደበዘዘ። በጭጋጉ ዙሪያ ግን ቀለበቱ እንዳለ ነበር፤ ሰማያዊው ከውስጥ፣ ቀዩ ከውጭ። ጭረት የሚይዝ ልባስ በሌለበት ቦታ። መኪናውን ተደግፌ ቆምኩ።

ወንድሜ በሩን ከፍቶ ሲገባ የቆምኩት እንደዚያው ነው። ስፖንጁን አየ፣ ኮፈኑን አየ።

«ምን አደረግሽ?»

«ቀለበትህን ላወጣ ብዬ ነው።»

«የምን ቀለበት? የለም እያልኩሽ።»

«አንተ መቼ አለ ብለህ ታውቃለህ» አልኩት። ከዚያ ያለኝን ሁሉ አዘነብኩበት፤ ዘይት ቀቢ ነህ አልኩት፣ ላይ ላዩን ነህ አልኩት፣ እኔ ባልኖር ይኼን በር ማንም አያንኳኳውም አልኩት። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ለአንድ ይመልስልኝ ነበር። አሁን ግን በሩን መልሶ ዘጋና መብራቱን ከእጄ ወሰደ። አፍንጫው ኮፈኑን እስኪነካ ጎንበስ ብሎ ከዳር እስከ ዳር ፈለገ። የሚፈልገው እንዲያገኝ ይመስል ነበር፤ ቢያገኝ ደስ የሚለው ይመስል ነበር። ቀና ሲል ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም።

«ዓይኔን ግንባር ያርገው» አለ፤ «የለም።»

ሁለታችንም ደነገጥን። አፉን በመዳፉ ያዘ፣ የወጣን ቃል ለመመለስ ይመስል። እኔ ግን ልቤ ስንጥቅ ያለው በመሐላው አይደለም። ይህ ሰው ስለ ዘይቱ ሺህ ጊዜ ዋሽቶኛል፣ በዚህ ግን እንደማይዋሽ አውቃለሁ። እንግዲህ ቀለሙ ንጹሕ ነው።

ከግድግዳው ማዶ የእናቴ በርጩማ መሬቱን ሲፍቅ ሰማን። ከዚያ በጓሮው በር በኩል፣ ግድግዳውን በጣቶቿ እየዳሰሰች መጣች። ሥራ ቦታ መግባት አትወድም፤ ዕቃው ይጥለኛል ትላለች።

«ማነው በዓይኑ የማለው?»

አንድ እርምጃ ቀረበችና ወንድሜን በስሙ ጠርታ ምኑን ነው የለም ያልከው ብላ ጠየቀችው። ነገራት። ጉድፌ ኮፈኑ ላይ ቀለበት አለ ብላ ልባሱን ፈትጋ ጨርሳዋለች፣ እኔ አላይም፣ ልብስ ሰፊውም አላየም፣ ፀሐይም ላይ አልነበረም አላት።

«መብራቱ አሁን ማን ጋ ነው?» አለች እናቴ።

«እኔ ጋ» አለ ወንድሜ።

«ከፍ አድርገህ ያዘው። አንቺ ኮፈኑን ተይው። መብራቱን እዪ።»

አልፈልግም ልላት ነበር። እንደ ሕፃን እግሯ ሥር ወድቄ አልፈልግም ልላት ነበር። ቀና አልኩ። ወንድሜ ከፍ አድርጎ በያዘው መብራት ዙሪያ፣ አየር ላይ፣ ምንም በሌለበት፣ ቀለበቱ ተቀምጧል።

«አለ?»

«አለ።»

«ቀለም አለው?»

«አለው፣ እማዬ።»

እናቴ እጇን ዘርግታ የቀለም ቆርቆሮ አገኘችና እላዩ ላይ ተቀመጠች። ድምፅዋ አልተለወጠም። ያን ጊዜ በፋኖስ ነበር የምንኖረው አለች። አንድ ክረምት ፋኖሱ ዙሪያ ክብ አየሁ፣ የሚያምር ነበር፣ ብርጭቆው ቆሽሾ ነው አልኩ። በሳሙና አጠብኩት። በማግስቱም አየሁት፣ እንደገና አጠብኩት። አባታችሁ ንጹሕ ነው ሲለኝ ወንድ ስለ እጥበት ምን ያውቃል ብዬ ዝም አስባልኩት። ራሴን ሲያመኝ የሳሙናው ሽታ ነው አልኩ።

«ክረምቱን ሙሉ ብርጭቆ ሳጥብ ከረምኩ» አለች። «ብርጭቆ አያልቅማ፣ የሚያስቆመኝ አጣሁ። ያንቺ አለቀ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ያንቺ አለቀ።»

ለምን አልነገርሽንም አልኳት፤ እያለቀስኩ ነበር። ብነግራችሁ መብራት ባያችሁ ቁጥር ትፈሩ ነበር አለች። ሳትነግሪንም ስንፈራ ነው የኖርነው አልኳት። ተነስታ የእጄን አንጓ ያዘችና ተነሺ፣ ጫማሽን አድርጊ፣ አሁኑኑ አለችኝ። መንገድ ላይ ሰው ያየን እንደሆነ ልጅ እናቷን የምትመራ ይመስለዋል። የምትጎትተው እሷ ነበረች፤ እኔ ተከተልኳት።

ሆስፒታል ስንደርስ የዓይን ሐኪሟ ጠብታ ጨመረችልኝ፣ በዓይኔ ላይ ቀዝቃዛ ነገር አስነካች፣ ደግማ አስነካች፣ ከዚያ ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አደረገች። ዓይን ውስጥ ያለው ውኃ የሚወጣበት መንገድ አንቺ ጋ ጠባብ ነው አለችኝ። ጨለማ ውስጥ ብሌን ሲሰፋ መንገዱ ይዘጋል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ያኔ ነው ቀለበቱን የምታይው፤ ፀሐይ ላይ ብሌን ሲጠብ ይከፈታል። ሥራዬን ጠየቀችኝ። በር ዘግቼ፣ መብራት ሁሉ አጥፍቼ፣ አንድ መብራት ይዤ ጭረት እፈልጋለሁ አልኳት። ብዕሯን አስቀምጣ አየችኝ።

በዚያው ቀን ግፊቱን በመድኃኒት አወረዱት፤ ከዚያ በጨረር እያንዳንዱ ዓይኔ ላይ መርፌ የማይገባበት ቀዳዳ ከፈቱልኝ። በጎን ከሚታየኝ ጥቂቱ ሄዷል። የሄደው አይመለስም አለች ሐኪሟ፣ የቀረውን ግን እንይዘዋለን። እናቴ ሁለተኛውን ግማሽ እንድትደግምላት ጠየቀቻት፣ ደገመችላት።

ወንድሜ ከኋላችን መጥቶ ኮሪደሩ ላይ ነበር። ሐኪሟ የእናትሽ ልጅ የሆነ ሁሉ ይታይ ስትል፣ ያ ከሰው ጋር ለመያያዝ ሰበብ የማያጣው ሰውዬ የልብስ ሰፊውን መኪና ሄጄ ልጠብቅ ብሎ ወደ ደረጃው ዞረ። እናቴ በእግሩ ድምፅ አወቀችው። «በዓይንህ ምለሃል፣ እንግዲህ አሳያቸው» አለችው። ገባ። የእሱም ጠባብ ሆኖ ተገኘ፣ ምንም ሳይጎዳው ተበሳለት። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፣ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለድኩበትም።

ለልብስ ሰፊው እውነቱን ነገርኩት። ልባሱ ያለቀበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳበሰና መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ዓይኔ ነው። ከዚያ እሱም ስፌቱ የተጣመመ እየመሰለው ሲፈታና ሲሰፋ ጨርቁ እጁ ላይ ያለቀበት ጊዜ እንዳለ ነገረኝ። ጨርቁ ቀጥ ያለ ነበር አለ፣ የተጣመመው ጠረጴዛዬ ነው።

ሐኪሟ ወደ ሥራ እንድመለስ ስትፈቅድልኝ ወንድሜ ኮፈኑን እንደ አዲስ ረጭቶት፣ ደርቆ፣ በማሽኑም ሄዶበት ጠበቀኝ። ጨርሼዋለሁ፣ አንቺ ዕረፊ፣ ንጹሕ ነው አለኝ። አልኮልና ፎጣ አነሳሁ። በሩን ዘጋና መብራቱን ሰጠኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ጥቂት ቆየሁ፤ እናቴ እንደኖረችበት ያለ ጨለማ ውስጥ ቆምኩ። ከዚያ ከፈትኩና መጀመሪያ መብራቱን ራሱን አየሁ።

መብራት ነው። ዙሪያው ምንም የለም።

ትንፋሼ እስኪመለስ ጠበቅኩና ኮፈኑን በአልኮል ጠረግሁት፣ ጎንበስም አልኩ። ዘይቱ ሲነሳ ከሥሩ ወጣ፤ ከዳር እስከ ዳር፣ የተዘበራረቀ፣ የተደራረበ፣ እንደ ወንድሜ ያለ ክብ ጭረት። ኮፈኑን አቅፌ መሳቅ ጀመርኩ። ሳቄ ወደ ልቅሶ ተለወጠ፣ እንደገናም ወደ ሳቅ። ወንድሜ «የለም እኮ» እያለ ዙሪያዬን ይዞር ነበር።

ከግድግዳው ማዶ እናቴ ጠራችኝ። ምን አየሽ አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር።

«ጭረት ነው፣ እማዬ» አልኳት። «ሞልቶታል።»

«ተመስገን» ስትል ሰማኋት፣ ደጋግማ፣ ለራሷ። ለስላሳውን ስፖንጅ ገጠምኩና ጀመርኩ።